ለአንድ ፔርሙዝ ቢጫ ምስር ስለተሰጠኝ ፈቃድ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የምግብ ቤቶች ቁጥጥርና ፈቃድ መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በአርባ አንደኛው ቀን ስለደረሰኝ በጎ መልስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ሆድዎ ደህና፣ የምግብ ፍላጎትዎ የተከፈተ፣ ያማረዎትም ነገር ሁሉ ከእጅዎ የማይርቅ ይሁንልዎ። ይህን የምመኝልዎ ለወግ ያህል እንዳይመስልዎት፤ የምግብ ፍላጎት የሚባለው ነገር ምን ያህል ውድ እንደሆነ በቅርቡ በገዛ ቤቴ ስለተማርኩ ነው። እኔን ከጠየቁኝ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ የጡረታ ቀኔ ሲደርስም ወረፋዬን እይዛለሁ።

ይህ ደብዳቤ በጋዜጣ እንዲወጣልኝ አዘጋጁን ደጅ የጠናሁት ክቡርነትዎን በሰው ፊት ለማሳጣት ፈልጌ አይደለም። ወደ መዝገብ ቤትዎ የገባ ወረቀት ጠረጴዛዎ ላይ እስኪወጣ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት ስለማውቅ፣ በጋዜጣ ከሆነ ከቁርስዎ ጋር ይደርስዎታል ብዬ ነው።

ምናልባት ከዘነጉኝ ማን እንደሆንኩ ላስታውስዎ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በጡረታ እስክሰናበት ድረስ በዚሁ በሚመሩት መምሪያ ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት በተቆጣጣሪነት ያገለገልኩ ሰው ነኝ። የምግብ ቤት ሠራተኞች ጀርባዬን ስሰጣቸው «ጋሽ አንቀጽ» ይሉኝ እንደነበር አውቃለሁ፤ እነሱ ለስድብ ያወጡትን ስም እኔ እንደ ሹመት ተቀብዬው ኖሬአለሁ። የስንብቴ ዕለት መምሪያው የግድግዳ ሰዓት ሸልሞኛል፤ ሰዓቱ እስከ ዛሬ በትክክል ይሠራል፤ ስለዚህም አመሰግናለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሚስቴና እኔ ሐሙስ ሐሙስ ምሳችንን የምንበላው ከጫማ መጠገኛው ሥር፣ አሥራ አራት ደረጃ ተወርዶ በሚገባበት የህንድ ምግብ ቤት ነበር። ሥጋ የሚባል ነገር ደጁን አይረግጥም፤ ዋጋው ለሁሉም አንድ ነው፤ አንዴ ከፍለው ከገቡ በኋላ ሳህንዎን ይዘው እስኪበቃዎ መመላለስ ነው። በጡረታ ለሚኖሩ ሁለት ሰዎች ከዚህ የሚሻል የግብዣ ቤት በከተማው አልነበረም። ስምንት ብረት ድስቶች በሙቅ ውሃ ላይ ተደርድረው ይተናሉ፤ ሩዙ፣ ሽምብራው፣ ድንች በአበባ ጎመኑ፣ እርጎ በኪያሩ፣ ሁሉም በየተራው ይጠብቃል። እኔ ከመጀመሪያው ድስት ጀምሬ እስከ መጨረሻው ድረስ እንደ ምርመራ ሥራ አንድም ሳልዘል እሄድባቸዋለሁ፤ ሚስቴ ግን ሌላውን ሁሉ ዘላ ሦስተኛው ድስት ዘንድ ትቆማለች፤ ዳል የሚሉት ቀጭን ቢጫ ምስር ያለበት ነው። ዕድሜ ልኳን ልብስ ሰፊ ስለነበረች ምግብንም ልክ አድርጋ ነበር የምትቀዳው፤ አትጨምርም፣ አታስተርፍም። ሦስተኛ ሳህኔን ይዤ ስመለስ እያየችኝ «አንተ ሰውዬ፣ ይቺን ሴትዮ አክስረሃት ልትሄድ ነው እንዴ የመጣኸው?» ትለኝ ነበር።

ይቺ ሴትዮ የተባለችው የቤቱ እመቤት ናት፤ ከድስቶቹ ጀርባ ጭልፋዋን ይዛ ስለማትጠፋ ደንበኛው ሁሉ እትዬ ጭልፋ ይላታል። ሚስቴን ትወዳት ነበር፤ ቀሚሷን አንዴ አጥብባላት ዋጋ ስላልተቀበለቻት ይሆናል። እኔን ግን የቀድሞ ሥራዬን ስለምታውቅ በአክብሮት ትፈራኛለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጡረታ ወጥቼ እንኳ ስገባ የድስት ክዳን ታስተካክል ነበር።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ሚስቴ ታመመች። የሆድ በሽታ ነው። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠርቶኝ «አሁን ምንም አትከልክሏት፤ ያማራትን ሁሉ ስጧት» አለኝ፤ ሐኪም እንዲህ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ክቡርነትዎም ያውቁታል። እሷ ደግሞ ያማራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ ቢጫ ምስር። አሥራ አራቱን ደረጃ ቀርቶ ከአልጋ እስከ መስኮት ያለውን መንገድ እንኳ በእኔ ትከሻ ነበር የምትሄደው። እኔው ምስር ገዝቼ ሁለት ጊዜ ቀቀልኩላት፤ አንዱ አረረ፣ አንዱ ወፈረ። ከሁለተኛው አንድ ማንኪያ ቀምሳ «ጎበዝ፣ ደክመሃል፤ ግን እሱ አይደለም» አለችኝና ማንኪያውን መለሰችልኝ።

በማግስቱ ጠዋት የሻይ ፔርሙዛችንን አጥባ ሳይሆን አሳጥባ፣ ማለትም እኔን አሳጥባ፣ አልጋዋ አጠገብ አስቀመጠችው። «ሐሙስ ስትሄድ ትንሽ አስቀዳልኝ፤ ሴትዮዋን ጠይቃት፣ እምቢ አትልህም» አለችኝ። እኔም መለስኩላት፤ ምን ብዬ እንደመለስኩላት ግን ከምስጋናዬ በኋላ እጽፈዋለሁ፤ አሁን ብጽፈው ምስጋናው ይበላሽብኛል።

አንደኛ፣ በእትዬ ጭልፋ ግድግዳ ላይ ስለለጠፋችሁት ማስታወቂያ አመሰግናለሁ። ፊደሉ ትልቅ ነው፣ ማኅተሙ አልደበዘዘም፤ «በቡፌ ፈቃድ በሚሠሩ ቤቶች ከጠረጴዛ የተነሳ ማናቸውንም ምግብ ይዞ መውጣት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል። ይዞ ለመውጣት የሚያስፈልገው ሌላ ፈቃድ ነው፤ እሱን ለማውጣት ደግሞ ሌላ በርና ሌላ የእጅ መታጠቢያ ማሠራት ግዴታ ነው፤ ምድር ቤት ውስጥ ሌላ በር ወዴት እንደሚከፈት መመሪያው አይናገርም። በልዩ ሁኔታ ግን በጽሑፍ ለመምሪያው ማመልከት ይቻላል የሚል ንዑስ አንቀጽ አለ። ይህን ንዑስ አንቀጽ ከእኔ በቀር የሚያውቅ ደንበኛ ያለ አይመስለኝም። በማወቄ ኮርቼ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ መስኮቶቻችሁ ትህትና። የመጀመሪያው መስኮት ወደ አራተኛው መራኝ፤ አራተኛው ምሳ ላይ ነበር፤ ከምሳ ሲመለስ ወደ ሁለተኛው መራኝ። የጠየቃችሁኝም ከባድ ነገር አልነበረም፤ የጋብቻ ማስረጃ፣ የሐኪም ወረቀት፣ የፔርሙዙ ይዘት በሊትር ተገልጾ፣ እንዲሁም የተጠቃሚዋ ሦስት ጉርድ ፎቶግራፍ። ጉርድ ፎቶ የላትም ነበር፤ ስለዚህ ፎቶ አንሺውን ቤት ድረስ አመጣሁት። ሚስቴ ፀጉሯን አስበጠረችኝ፤ ሰማያዊውን ሻርፕ አንገቷ ላይ አስጠመጠመችኝ፤ ትራስ ደግፈናት ቁጭ አለችና «ለአንድ ጭልፋ ምስር ስል እንደ ሙሽራ ልነሳ?» ብላ ሳቀች፤ ፎቶ አንሺው ያቺን ሳቋን ያዛት። የመስኮት ሁለት ልጅ ጥርስ ስለሚታይ ፎቶው አይሆንም ሊለኝ ነበር፤ ወዲያው አዘነልኝና ተቀበለኝ። እሱንም አመሰግናለሁ። ሁለቱን ፎቶ በመዝገባችሁ ይዛችኋል። ሦስተኛውን ትርፍ ነው ብሎ መልሶልኝ ስለነበር ለቀብሯ ያስተለቅነው እሱን ነው። መጀመሪያውኑ ሦስት ባትጠይቁኝ ኖሮ ያለ ፎቶ ነበር የምንቀብራት፤ ስለዚህ ይህኛው ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ሦስተኛ፣ ኮሚቴ ስላቋቋማችሁልኝ። አንድ ጡረተኛ ለጠየቀው ግማሽ ሊትር አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ሦስት ጊዜ ይሰበሰባል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። በመጀመሪያው ስብሰባ ምስሩ ፈሳሽ ነው ወይስ ወጥ በሚለው ላይ እንዳልተስማማችሁ፣ በሁለተኛው የቴክኒክ ባለሙያው ባለመገኘቱ እንደተበተናችሁ ከቀድሞ ባልደረቦቼ ሰምቻለሁ። ሥራችሁን በጥንቃቄ እንደምትሠሩ የማውቀው እኔ ራሴ በዚያ ኮሚቴ ውስጥ ለስድስት ዓመት ስለተቀመጥኩ ነው። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፣ ወንበሩም ይመች ነበር።

እነዚያን ሐሙሶች እንዴት እንዳሳለፍናቸው ለመዝገባችሁ ይጠቅም እንደሆነ ልጨምር። ሚስቴ «ሂድና ብላ፤ መጥተህ ትነግረኛለህ» ስለምትለኝ ለብቻዬ ሄጄ እበላ ነበር። ስመለስ ምን ምን እንደነበር በየተራው እነግራታለሁ፤ እሷም ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። ሦስተኛው ድስት ላይ ስደርስ «ዛሬ ቀጭን ነው?» ብላ ትጠይቃለች። አንድ ሐሙስ «ኮትህን አምጣው እስቲ» አለችኝና አንገትጌውን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ማመልከቻው የት እንደደረሰ ነበር የማስረዳት።

አራተኛ፣ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ስለጻፋችሁልኝ የማብራሪያ ጥያቄ። ደብዳቤው ተጠቃሚዋ በምግብ ቤቱ በአካል መገኘት የማትችለው «በጊዜያዊነት ነው ወይስ በቋሚነት» ይላል። ምን ብዬ እንደምመልስ ጠፍቶኝ ወረቀቱን ይዤ ሳገላብጥ ሰነበትኩ፤ በቋሚነት ብዬ መጻፍ እጄ እምቢ አለኝ፤ በጊዜያዊነት ብዬ ደግሞ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት መዋሸት አልወድም። በሰባተኛው ቀን፣ ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ ሚስቴ ራሷ መለሰችልዎ። በቋሚነት ነው።

አምስተኛ፣ ከዚያ በኋላ በአሥራ አምስተኛው ቀን በእጄ ስለገባው ፈቃድ። ለሠላሳ ቀን የጸና፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል፣ መጠኑ ከግማሽ ሊትር ያልበለጠ፣ በክቡርነትዎ የተፈረመ ነው። ፊርማዎ ያምራል።

እዚህ ላይ ቃል የገባሁትን ልጻፍ። ሚስቴ ሴትዮዋን ጠይቃት ስትለኝ የመለስኩላት እንዲህ ብዬ ነበር፤ «እሷን ሕግ አስጥሼ አላሳፍራትም፤ በደንቡ መሠረት አመለክታለሁ፤ ትንሽ ታገሺ።» እሷም ለአርባ ዓመት ያህል ስትለኝ እንደኖረችው «እሺ፤ አንተ ካልክ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ክቡር ሆይ፣ መምሪያዎ አርባ አንድ ቀን ፈጅቶበታል፤ እውነት ነው። እኔ ግን ደረጃውን ወርጄ አንዲት ሴት ላናግር ብል አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። በሚቀጥለው ሐሙስም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ባለውም። ፔርሙዙ ታጥቦ ተቀምጦ ነበር።

ለምን እንዳልጠየቅኳት ራሴን ስመረምር አንዲት ሴት ትዝ ትለኛለች። ነገሩ ከሆነ አሥራ ስድስት ዓመት ይሆነዋል፤ በሌላ ቡፌ ቤት በቁጥጥር ላይ ሳለሁ አንዲት አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት ሁለት ስስ ቂጣ በናፕኪን ጠቅልላ በቦርሳዋ ስትከት አየኋት። ጠጋ ብዬ፣ ድምፄን ሳላነሳ፣ እንዲመለስ አዘዝኩ። «እናቴ አልጋ ላይ ናት፤ ይሄን ብቻ ነው የምትበላልኝ» አለችኝ። እኔም አንቀጹ በሽተኛን ለይቶ እንደማያውቅ በትህትና አስረዳኋት። ቂጣውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ቦርሳዋን ዘጋች፤ ሰው ሁሉ ያያት ነበር። የሰው እጅ የነካው ምግብ ተመልሶ ለገበታ ስለማይቀርብ ቂጣው ወደ ቆሻሻ ተጣለ፤ በሪፖርቴም «ተወግዷል» ብዬ ጻፍኩ። በዚያ ወር ትጉህ ተቆጣጣሪ ተብዬ ስሜ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወጥቷል። የዚያችን ሴት እናት ዛሬ ስሟን ባውቀው ደስ ይለኝ ነበር፤ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ አይደለም፤ ያን ያህል ድፍረት የለኝም፤ ዝም ብዬ ባውቀው ብዬ ነው።

ፈቃዱን እንዳገኘሁ ወደ እትዬ ጭልፋ ወረድኩ። ለምን እንደወረድኩ አላውቅም፤ የተፈቀደልኝን ነገር ሳልጠቀምበት መተው ስላልለመድኩ ይሆናል። ወረቀቱን አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ቀኑን ስታይ ቀና ብላ አየችኝ፤ ቀብር መጥታ ስለነበር ታውቃለች። ጭልፋዋን ድስቱ ውስጥ ለቀቀችው። «ጋሼ» አለችኝ፣ «ይሄን ሁሉ ወረቀት ከሚያሯሩጡ አንዴ ጠርተው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? እኔ ራሴ ተሸክሜ አላደርስላትም ነበር? በየሐሙሱ እዚችው ቁጭ ብለው እየበሉ!» ከዚያ ሌላም የነገረችኝ ነገር አለ፤ ስለ ሌሎች በሽተኞችና ስለ ሌሎች ዕቃዎች፤ እሱን ግን አልጽፈውም፤ የጡረተኛ ጆሮ ድንገት መስማት ያቆማል። ተቆጣጣሪ ልካችሁ ብትጠይቁኝም አልሰማሁም እላለሁ፤ ይህ ለመሥሪያ ቤቴ የምዋሸው የመጀመሪያው ውሸት ይሆናል።

ያን ቀን ሌላውን ሁሉ ዘልዬ ከሦስተኛው ድስት ብቻ ቀዳሁ። ዘጠኝ ዓመት ስመላለስ እንደ ነገሩ ቀምሼው ከማለፍ በቀር ልብ ብዬ በልቼው አላውቅም። ቀጭን ነው፤ ጨውም አንሶታል። ሚስቴ ምን አግኝታበት እንደነበር ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር፤ ስለ ምግብ ማውራት ትወድ ነበርና። እኔ የምጠይቃት ግን የሐኪም ወረቀቱን የት እንዳስቀመጠችው ነበር።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ከክቡርነትዎ ካሣም ሆነ ይቅርታ አልጠይቅም። ማስታወቂያውንም አንሱ አልልም፤ እኔ ራሴ ስንቱን በእጄ ለጥፌአለሁ። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ነው የምለምንዎ። ተቆጣጣሪዎችዎ በየቡፌ ቤቱ ሲገቡ፣ አንድ ሰው ቂጣ በናፕኪን ሲጠቀልል ወይም ዕቃ ከኮቱ ሥር ሲያወጣ ካዩ፣ እባክዎ ወደ ጣሪያው እንዲያዩ ይዘዟቸው። የብዙዎቹ ምግብ ቤቶች ጣሪያ በእውነት ቁጥጥር ያስፈልገዋል፤ ሃያ ሰባት ዓመት ስሠራ አንድ ጊዜም ቀና ብዬ እንዳላየሁት በዚህ አጋጣሚ አምናለሁ።

ለአርባ አንድ ቀን ድካማችሁ፣ ለአምስቱ የኮሚቴ አባላት፣ ለአራቱም መስኮቶች፣ ለማኅተሙና ማኅተሙን ለያዘው እጅ ሁሉ ከወገቤ ዝቅ ብዬ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ለክቡርነትዎም ያማረዎት ሁሉ በሰዓቱ የሚደርስበት ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ እሰናበታለሁ።

የመምሪያው የቀድሞ ተቆጣጣሪ፣ የአሁን ባለጉዳይ፣
የግማሽ ሊትር ምስር ሕጋዊ ባለፈቃድ፣
ጋሽ አንቀጽ

ግልባጭ፦
ለመስኮት ቁጥር ሁለት፣
ለእትዬ ጭልፋ (ድስቶቹ አጠገብ በቃል የሚነገራት)

ማስታወሻ፦ ከፈቃዱ ጋር አያይዛችሁ በላካችሁልኝ ቅጽ ላይ ተጠቃሚዋ ምግቡን ትኩስና በመልካም ይዞታ መረከቧን በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በራሷ እጅ ፈርማ እንድትመልስ ታዟል። እኔ ስለ እሷ መፈረም ደንቡ ስለማይፈቅድልኝ ቅጹን ባዶውን መልሼላችኋለሁ፤ ሠራተኛ ልካችሁ እንድታስፈርሙ በትህትና አሳስባለሁ። አድራሻዋ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለው መቃብር ነው፤ አምስተኛው ረድፍ፣ ከውሃ ቧንቧው በስተቀኝ፤ በሥራ ሰዓት ክፍት ነው። የምትልኩት ሰው ግን ባዶ እጁን እንዳይሄድ አደራ፤ ባዶ እጁን የሚመጣባት ሰው እኔ እበቃታለሁ።